ከስቱኮው በታች

ጋራዡ ውስጥ እንደገባች መርማሪ ሮማነወርቅን የተቀበላት ሽታው ነው። የቆየ ቤንዚን፣ ግራሶ፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ደም። እንጀራዋ ከሬሳ ጋር ከተያያዘ ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ እሷ ግን ዛሬም አልለመደችውም። አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ቆመች።

ከአንድ ሰማያዊ አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ስር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የቀኝ የፊት ጎማው ተፈትቷል፣ ክሪኩ ወርዷል፣ መኪናው ሙሉ ክብደቱን የሰውዬው ደረት ላይ ጥሎ ተኝቷል። ሟቹ ፍቅሬ ይባላል፤ የኤርፖርት ሸትል ሾፌር፣ የብሩክሊን ሴንተር ነዋሪ። እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ የተመለሰች ሚስቱ ናት ያገኘችው።

«አክሲደንት ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ፣ ሳንድዊቹን እየገመጠ። «ቪዲዮ አይተው አሮጌ መኪና ራሳችን ሪስቶር እናደርጋለን ይላሉ። ከዚያ ይኸው።»

«እዚህ ቆመህ ትበላለህ?»

«ምሳ ሰዓቴ ነው።»

ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ፍቅሬ የሚንጠባጠበውን ዘይት እንዲመጥለት ሰጋቱራ ነስንሶበታል። ከሻንሲው ስር፣ ሰጋቱራው ላይ፣ የጎማ ቅርጽ ክብ ሆኖ ታትሟል። ከዚያ ክብ የተነሳ የመጎተት ምልክት ደግሞ እስከ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል። ግድግዳው ጋ የተፈታው ጎማ ሥርዓት ይዞ ተደግፏል።

ጎማው መኪናው ስር ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ጎትቶ አውጥቶታል። ደረቱ የተጨፈለቀ ሰው ደግሞ ጎማ አይጎትትም።

ሚስቱ ሶሊያና የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣለች።

«ስገባ ስልኩ ላይ የቅዳሴ ላይቭ ተከፍቶ ነበር» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ባይሄድም በስልክ ይከታተላል። ቅዳሴው አልቆ ማስታወቂያ ላይ ደርሰዋል፤ ጋሽ ሰረቀብርሃን ስለ ዕድር ይናገራሉ። ፍቅሬ ብዬ ጠራሁት። ዝም ሲለኝ ድምፁን ቀንሰው እንጂ ብዬ ተቆጣሁት። ሞቶ እኮ ነው የተቆጣሁት።»

ሮማነወርቅ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «መኪናውን ከየት አመጣው?»

«ከራሳቸው ከጋሽ ሰረቀብርሃን ቤት። እሳቸው አዲስ አበባ ሄደው ሳለ እትዬ ቲጂ ናቸው የሸጡለት፤ ባለቤታቸው። ዓመታት ሙሉ ሸራ ለብሶ ጋራዣቸው ውስጥ የተገተረ ነው። ‹ይሄን ጉድ ከቤቴ አውጣልኝ› አሉት። እሱ ደግሞ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ መኪና ሲመኝ የኖረ ነው። ያን ቀን ደስታውን ብታዪው!»

«ከዚያስ?»

«ጋሽ ሰረቀብርሃን ሲመለሱ ደወሉለት። ‹ራስህ አትነካካው፣ የማውቀው ቦዲ የሚያቃና ባትላሜራ አለ፣ ወጪውን ለኔ ተወው፣ አሳምሮ ይሰጥሃል› አሉት። እኔም ስጣቸው አልኩት። ቤት የሚውለው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሷንም ከብረት ጋር! ብዙ ተጨቃጨቅን። ‹የሌላ ሰው እጅ ከገባበት የኔ አይደለም› ብሎ ራሱ ሊሠራው ወሰነ።» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሺ ብሎኝ ቢሆን ዛሬ በሕይወት ነበር።»

«ሰሞኑን የተጣላው ሰው አለ?»

ሶሊያና አንገቷን ደፋች። «ተማም። የልብ ጓደኛው ነው። ኀሙስ እሱ ጋ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ብለው አልነግርሽም አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ሮማነወርቅ ለቅሶ ቤት አትወድም። የምትጠላው ሐዘኑን አይደለም፤ በሐዘኑ ዙሪያ የሚርመሰመሰውን ነው። ጥግ ይዘው የቤት ዋጋ የሚያወሩትን፣ አንገታቸውን አስግገው «ኢንሹራንስ ነበረው?» የሚሉትን፣ እሷ ስትቀርብ ድንገት ማልቀስ የሚጀምሩትን።

ጋሽ ሰረቀብርሃን የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው ወንበር ለጎደለው ወንበር ያቀርባሉ፣ የሚንሰቀሰቀውን ያባብላሉ፣ በየመሃሉ ራሳቸውም እንባቸውን ያብሳሉ። በአገር ቤት ደንብ ንፍሮ ከቀብር መልስ ነው። እዚህ ግን ሬሳ ከሐኪም እጅ ወጥቶ እስኪቀበር ቀናት ስለሚፈጅ፣ የሳቸው ዕድር ለቅሶው በተጀመረበት ዕለትም ያቀርባል። በዚህ ነገር ይኩራራሉ።

«ንፍሮ ያልደረሰበት ለቅሶ በኔ ዘመን የለም» አሏት ሳህኑን እየዘረጉላት። «ቅመሺ ልጄ። አንቺም እኮ ልጃችን ነሽ።»

ይሉኝታ ይዟት ከስንዴውም ከሽምብራውም ዘገን አደረገች። እስከ ውስጡ በስሎ ለስልሷል።

«ቲጂ ጎበዝ ናት» አሉ። «የቆርቆሮ ሽምብራ ገልብጠው የሚያቀርቡ አሉ። እሷ ሞቷን ትመርጣለች።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ ጋሼ?»

አልተቆጡም። እንዲያውም እንደ ጎበዝ ተማሪ አዩዋት። «ቅዳሴ። ላይቩን እዪው፣ ከፊት ነው የቆምኩት። የፍቅሬንም የሰማሁት ማስታወቂያ ተናግሬ ስወርድ ነው። ራስህ አትነካካው ብዬው ነበር እኮ!»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አገኙት?»

«ውይ፣ ከቆየን። ሥራ እኮ አያገናኘንም።»

ሰኞ ጠዋት ኒው ሆፕ ወደሚገኘው የተማም ጋራዥ ሄደች። ተማም የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቃል ከአፉ ተቆጥቦ የሚወጣ። ሮማነወርቅ ስትገባ ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ፍቅሬ ያለ ምንም ድጋፍ መኪና ስር ይገባል?»

«አይገባም።» መፍቻውን አስቀመጠ። «ሶማሌ ተራ አብረን ነው የሠራን። የብረት መደገፊያ ካቫሌቶ ማን ነበረው? የፈታነውን ጎማ ሻንሲው ስር እንጥልና እንገባለን። ክሪኩ ቢከዳ ጎማው ይይዘዋል። እዚህም መጥቶ ካቫሌቶ ግዛ ብለው ጎማዬ ይበቃኛል ነው የሚለኝ። ጎማ ሳይጥል እጁን እንኳ አያስገባም።»

«እንዲህ ያለውን ልማዱን ማን ያውቃል?»

«አብሮት የሠራ። ሲሠራ ቆሞ ያየ።»

«ኀሙስ በምን ተጣላችሁ?»

«በመፍቻ ነው። ወስዶ አልመለሰልኝም።»

መዋሸቱን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሮማነወርቅ ውሸት ሰልችቷታል፤ ከሌባ ሲመጣ እንኳ ይገባታል፣ እንዲህ ካለ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ግን አንጀቷን ያቆስላታል።

ቢሮ ስትመለስ አለቃዋ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ክሪኩ ላይ የተገኘው አሻራ የፍቅሬና የተማም ብቻ ነው።

«ክሪኩን ተማም ነው ያዋሰው» አለችው። «አሻራው ባይኖር ነበር የሚገርመኝ።»

«ተጣልተዋል። ይዋሻል። እሁድ ጠዋት ተኝቼ ነበር ይላል፣ ያየው የለም። ሌላ ምን ፈለግሽ? የተሻለ ካላመጣሽልኝ ረቡዕ ይያዛል።»

እጆቹን አፋተገ። ምሳ ቀረበልኝ የሚል ሰው ነበር የሚመስለው። ሮማነወርቅ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ወደ ፒክአፑ ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን ያየችው ወለሉን ነው፤ አሁን መኪናውን አየችው። ፍቅሬ ሥራውን የጀመረው ከቀኝ ፓራፋንጎ፣ ከተፈታው ጎማ በላይ ካለው ሽፋን ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ሰማያዊውን ቀለም አንስቶ፣ ከስሩ ያለው ስቱኮ፣ የተጎዳ ብረት መሙያው ልጥፍ ላይ ደርሷል። ስቱኮው ጣት ያህል ይወፍራል። እሱንም ግማሹን አንስቶታል። ከታች ያለው ብረት ወደ ውስጥ ተጨራምቷል፣ የመብራቱ ቤት ጠሟል። ባትላሜራ ቢያየው መጀመሪያ ብረቱን ቀጥቅጦ ያወጣዋል። ይሄን ያደረገው ሰው ግን ብረቱን ሳይነካ ስቱኮ ለጥፎበት፣ ቀለም ቀብቶት፣ ሸራ አልብሶታል። የሰው ቁስል ላይ ኖራ የለሰኑ ያህል ቀፈፋት።

ጋቢናውን ፈተሸች። የሲጋራ መተርኮሻውን ስትስበው የታጠፈ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ወጣ። ውስጡ በተበጠሰ ክር የተያያዙ ጥቂት ጥቁር የመቁጠሪያ ዶቃዎች አሉ። ከመሃላቸው አንዷ ብቻ ቢጫ ፕላስቲክ ናት። ፍቅሬ ከጠመመው የመብራት ቤት ለቅሞ ያስቀመጣቸው መሆን አለበት።

የሚስቱ አሟሟት ትዝ አላትና ተማምን አስጠራችው። ዶቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥለት ለመንካት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

«የከድሪያ ሙስበሃ ነው» አለ። «አንዷ ጠፍታባት ኢቅራ ከአሻንጉሊቷ ሐብል አውጥታ ነው ያቺን ቢጫ የሰጠቻት። ልጃችን።»

ከድሪያ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረዶ በሚጥልበት ቀን፣ ከአውቶቡስ ወርዳ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቶ የገደላት የተማም ሚስት ናት። ጥሏት የሸሸው ሹፌር አልተገኘም። ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ክርስቲያን እስላም ሳይሉ መዋጮ ያሰባሰቡላት፣ መስጊድ ድረስ ሄደው ተማም ትከሻ ላይ ያለቀሱት ጋሽ ሰረቀብርሃን ነበሩ።

«ኀሙስ ምን አለህ?»

«የከድሪያ ቢጫ ዶቃ ከምን ነበረች ብሎ ጠየቀኝ። ስሟን ሲያነሳ ደሜ ፈላ። ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ገፈተርኩት። ገና ነው፣ እነግርሃለሁ ብሎኝ ሄደ።» ዓይኑን ከዶቃዎቹ አላነሳም። «የመፍቻ ያልኩሽ እሷን ፖሊስ ፊት ላለማንሳት ነው። ከየት ተገኘ?»

«ፍቅሬ ሊሠራው ከገዛው መኪና።»

ተማም ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መኪናው የማን እንደነበረ እሱም ያውቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ሰረቀብርሃን ሳይጠሩ መጡ፤ ሰው ሁሉ እንደሰማ እሳቸውም ሰምተዋል። መሐረባቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እንደገዛሁት ነው ያስቀመጥኩት ልጄ» አሉ። «ስቱኮ ስር ያለውን በምን ዓይኔ አያለሁ? እኔ ጨርሶ አልነዳሁትም። ከድሪያን እኮ እንደ ልጄ ነው ያለቀስኩላት!» አሁንም አለቀሱ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ሮማነወርቅን ያስጠላት እሱ ነው።

የቅዳሴውን ቅጂ ደጋግማ አየች። ሲጀመር ከፊት ቆመዋል። ሲያልቅ ማስታወቂያ ይናገራሉ። በመሃሉ ካሜራው መቅደሱን ነው የሚያሳየው። ምእመናኑን ስትጠይቅ ሁሉም «ነበሩ» አላት። ማን ዞር ብሎ ያያል? ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ፍቅሬ ጋራዥ ደግሞ ቅርብ ነው። ግን ቅርብ መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የተማም መያዣ ቀን ነገ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሶሊያና ቤት ሄደች። ቀብሩም ነገ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ ቲጂ ብቻቸውን ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ። ባላቸው ከሰዎች ጋር ሳሎን ናቸው፤ ድምፃቸው ይሰማል።

«ለነገ ነው?» አለቻቸው።

«ለነገ ነው። ዛሬ ካልዘፈዘፍኩት ነገ ጥርስ ይሰብራል። ፈጣን ማብሰያ ማሽን ላይ ጭነን በቶሎ እናፍላው የሚሉ አሉ፤ ይፈነዳል እንጂ አይበስልም። ንፍሮ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማደር አለበት።»

የሮማነወርቅ ዓይን አጠገባቸው በተቀመጠው የመዘፍዘፊያ ውሃ ላይ ቀረ። እሁድ አፏ ውስጥ የለሰለሰው ሽምብራ ትዝ አላት።

«የእሁዱንስ መቼ ዘፈዘፉት?»

«ቅዳሜ ማታ ነዋ።»

«ቅዳሜ ማታ ማን ሞቶ ነበር?»

እትዬ ቲጂ በዚህ አገር ያደገ ልጅ አያውቅም በሚል ዓይን አይተው ፈገግ አሉ። «እሱ አይጠየቅም። ጋሽሽ ናቸው የነገሩኝ። ‹ሰው አርፏል፣ መርዶው ገና አልተነገረም፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፊ› አሉኝ። ሊቀመንበር አይደሉ? ሞት መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የሚደርስ። እኔም መርዶ ሳይነገር ስም ጠይቄ አላውቅም።»

«እና የዚያ ሰው መርዶ ተነገረ?»

«ኧረ ገና ነው መሰለኝ። እሁድ የፍቅሬ ድንገት ሲመጣ፣ ይሄ ቀድሟልና የተዘፈዘፈው ለዚህ ይሁን አሉኝ። የዚያኛው...» ቆሙ። «የዚያኛውን እስካሁን አልነገሩኝም።»

«ከፍቅሬ ሌላ የሞተ ሰው ሰምተዋል እትዬ ቲጂ?»

እጃቸው ስንዴው ውስጥ ቀረ። ሳሎን ውስጥ ባላቸው ስለ ፍቅሬ ደግነት ይናገራሉ።

«ቅዳሜ ማታ ቤታችሁ ማን ነበር?» አለች ሮማነወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ፍቅሬ» አሉ። «ጋሼን ላናግር ብሎ መጣ። በር ዘግተው አወሩ። እራት ቀማምሰህ ሂድ አልኩት፣ እሺ ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ። ያኔ ነው ባሌ ወደኔ መጥቶ ዘፍዝፊ ያለኝ። ፍቅሬ እጁን እየታጠበ።»

«ሲወጣስ?»

«ሲወጣ ስንዴውን ስለቅም አየኝ። ‹ማን ሞቶ ነው እትዬ?› አለኝ። አይነገርም ልጄ አልኩት። ‹ነፍስ ይማር› ብሎኝ፣ ጉንጬን ስሞኝ ወጣ።»

እትዬ ቲጂ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ከሰፌዱ አነሱ። ከዚያ፣ ሮማነወርቅ ሳትጠይቃቸው፣ «እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጠላው ጫፍ ላይ ጥቁር ግራሶ ነበረ» አሉ። «የመኪናዬ በር ነው አለኝ። ሳላጥበው ለቅሶው ደረሰ። ቅርጫት ውስጥ ነው።»

ሰፌዱን ገለበጡት። ስንዴው ወለሉ ላይ ተበተነ።

ሮማነወርቅ ሳሎን ገብታ ሰረቀብርሃን ፊት ቆመች።

«ተነስ» አለችው።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። አባቷ የሚሆን ሰው አንተ ብላ አታውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለ ሰረቀብርሃን ጋቢውን እያስተካከለ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ወጣ ብለን እናውራ።»

«ፍቅሬ እንደዚያ አድርጎልህ ነበር። ሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ ቤትህ ድረስ መጣ።»

ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሚስቱን ሲያያት ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ።

መኪና ውስጥ ግን ማውራቱን አላቆመም። ከድሪያን የገጨሁ ቀን በረዶ ነበር፣ ሆን ብዬ አይደለም አለ። ደንግጬ ነው የሸሸሁት አለ። ፍቅሬ ወደ ፖሊስ መሄድ አልፈለገም፤ ራስህ ለተማም ንገረው፣ አብሬህ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብሎ እስከ እሁድ ጊዜ ሰጥቶታል። ሰረቀብርሃን እሺ አለው። ጠዋት ቅዳሴውን አቋርጦ መጣ፣ ፍቅሬ መኪናው ስር ሆኖ ቅዳሴ ይሰማ ነበር፣ እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ጎማውን ከሻንሲው ስር ሳበ፣ ክሪኩን ለቀቀ፣ ለማስታወቂያው ደረሰ።

«ከዚያ ወዲህ ለሰው ስንት ሠርቻለሁ» አላት። «ስንቱን ቀብሬያለሁ። እኔ ከሌለሁ ዕድሩን ማን ያየዋል?»

ሮማነወርቅ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። ብርዱ ፊቷን ገረፋት፤ እሱ የተነፈሰውን ከመተንፈስ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ተማም የፍቅሬን ሬሳ ሳጥን ከፊት ተሸክሞ ነበር። አፈር ከለበሰ በኋላ ሶሊያና ወደሱ መጣች።

«ፖሊስ መኪናውን ሲለቅልኝ ይጨፍለቁት ልበል?» አለችው። «ወይስ ትወስደዋለህ?»

ተማም ብዙ አሰበ። «እወስደዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «የሱን ጎማ እገጥምለታለሁ፣ ሞተሩን እሠራለሁ። ፓራፋንጎውን ግን ፍቅሬ የተወው ቦታ ላይ እተወዋለሁ። ስቱኮ አይነካውም።»

ከመቃብሩ መልስ ለቀስተኛው አዳራሽ ገብቶ ተቀመጠ። ውሃ ዞረ። ንፍሮ አልቀረበም። እትዬ ቲጂ ግድግዳ ጥግ፣ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ንፍሮው የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሮማነወርቅ በሩ አጠገብ ቆማ የቀረበላትን ውሃ ደጋግማ ተጉመጠመጠች፤ የእሁዱ ሽምብራ ጣዕም ግን ከአፏ አልወጣ አላት።